ቢአይኤም በዳገት ላይ፦ ከደሴ አንድ ትንሽ ቢሮ

ደሴ ላይ ህንፃ ለመስራት የተነሳ ሰው ከሁሉ በፊት የሚታገለው ከዳገቱ ጋር ነው። ከመንገዱ በኩል ጂ ፕላስ 4 ሆኖ የሚታየው ህንፃ፣ ዞራችሁ ከጀርባው ስታዩት ሁለት ፎቅ ጨምሮ ይጠብቃችኋል። ጦሳ ተራራ ስር የሰራ ባለሙያ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ዲዛይኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። አርክቴክቱ ፕላኑን ይስላል፣ የስትራክቸር ባለሙያው ፋውንዴሽኑን ይስላል፣ የሳኒተሪ ባለሙያው ትቦውን ይስላል። መሬቱ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ሦስቱም በየፊናቸው ይገምታሉ። ግምቶቹ ፊት ለፊት የሚገናኙት ሳይት ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ቁፋሮው ተጀምሯል፣ ገንዘቡም ወጥቷል።

የእኛ ቢሮ ወደ ቢአይኤም የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሯችን ትንሽ ነው፤ የነጋዴዎች ቅይጥ ህንፃ፣ ትምህርት ቤት፣ አልፎ አልፎ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን እንሰራለን። ይሄን የምጽፈው በክልል ከተማ ሆናችሁ «እኛ ጋ ኮምፒዩተሩም ኢንተርኔቱም የሚጠይቅ ደንበኛም የለም» ብላችሁ ነገሩን ለተዋችሁት ባልደረቦቼ ነው። እኛ ጋም አልነበረም። ግን ይቻላል፣ ደግሞም ያዋጣል።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልበል። ቢአይኤም የህንፃ መረጃ ሞዴሊንግ ነው። በአውቶካድ (በተለመደው የስዕል ሶፍትዌር) ግድግዳ ስንስል የምንስለው ሁለት መስመር ነው። በቢአይኤም ግን ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን ራሱ ያውቃል፤ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው፣ ቁመቱ ይሄን ያህል ነው፣ በሁለት በኩል ልስን አለው። ፕላኑ፣ ሴክሽኑ፣ ኤሌቬሽኑ፣ የበርና መስኮት ዝርዝሩ ሁሉ ከአንድ ሞዴል ይወጣሉ። አንድ መስኮት ብታንቀሳቅሱ ሁሉም ሉህ ላይ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማዕከላዊ መንግሥቷ በሚያሰራቸው ፕሮጀክቶች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። አይኤስኦ 19650 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። እዚህ ግን አንድ ነጋዴ ቢሯችን ሲመጣ የሚፈልገው የግንባታ ፈቃድ የሚያስወጣለትን ወረቀት ነው። ስለዚህ የሚያስገድደን ሰው ሳይኖር እኛው ራሳችን ምክንያት መፈለግ ነበረብን። ምክንያቱን ያገኘነው የፍሳሽ ትቦ ላይ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚወጣበት ትቦ 110 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ዳክቱ (ትቦዎች ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወርዱበት ክፍተት) 6 ሜትር ቢርቅና 2 ፐርሰንት ዝቅታ ቢሰጠው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ 12 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። የራሱን ውፍረት ስትጨምሩበት ከሶሌታው (ከፎቁ የአርማታ ወለል) ስር 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። መንገዱ ላይ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቢም (ሶሌታውን የሚሸከም አግድም አርማታ) አለ። አውቶካዱ ላይ ይሄ ትቦ ጫፉ ላይ ቀስት ያለው አንድ አረንጓዴ መስመር ነው። መስመር ጥልቀት የለውም፣ ከቢሙ ጋርም አይጋጭም። ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት ሳይት ይደርሳል። አርማታው ተሞልቶ፣ ካሳ ፎርማው (አርማታው የተሞላበት ቅርፅ) ተነስቶ፣ ቧንቧ ሰራተኛው ትቦውን ይዞ ሲመጣ ቢሙ ፊቱ ላይ ተገትሯል። ምን ያድርግ? መሮና መዶሻ ያነሳል። ቢሙን ይፈለፍላል፣ ስታፋ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት) ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ከታችኛው ዋና ፌሮ ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ ልስን ይመጣል፣ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ይሄ ነገር እኛ አካባቢ ከሌላው በላይ ሊያስፈራን ይገባል። ደሴም ኮምቦልቻም የተቀመጡት በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ የአዲስ አበባ አስመራን መንገድም ጎድቷል። ካራ ቆሬ ማለት ከኮምቦልቻ ወደ ሸዋ ስንወርድ የምናልፋት ከተማ ናት። ቢሙና ኮለኑ (ቋሚው የአርማታ ምሰሶ) በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ያለ ስታፋ ለጌጥ አልተቀመጠም። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይሄ ነው፤ ህንፃውን በሙሉ ሞዴል ላድርግ ብላችሁ አትነሱ። ስትራክቸሩን፣ ግድግዳውንና የፍሳሽ ትቦውን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። ሬቪት ላይ (እኛ የምንጠቀመው የቢአይኤም ሶፍትዌር ነው) ትቦውን ከነዝቅታው ሳሉት። ሌላ ሶፍትዌር ሳትገዙ፣ ሬቪት በራሱ ግጭት የሚፈትሽበት መሳሪያ አለው። ትቦን ከቢም ጋር፣ ትቦን ከኮለን ጋር አጋጩና ዝርዝሩን አውጡ። የሚወጣው ዝርዝር መጀመሪያ ያስደነግጣል። አብዛኛው ግን ሁለት ሦስት ዳክቶችን ወደ ሌላ አክሲስ (ኮለኖቹ የተሰለፉበት መስመር) በመግፋት ይጠፋል። ቀሪው ላይ ከስትራክቸር ባለሙያው ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ትቦው ቢሙን በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል ትወስናላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ሳይት ላይ ህይወት ያለው አንድ ወረቀት ነው። እኛ «የቀዳዳ ፕላን» እንለዋለን። ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ሉህ፣ በኤ3፣ በከለር። አርማታ ከመሞላቱ በፊት የት የት ቦታ ስሊቭ (ለትቦው ቀዳዳ የሚተው ቁራጭ ቱቦ) መቀመጥ እንዳለበት፣ ከቅርቡ አክሲስ በስንት ሳንቲ ሜትር፣ ከሶሌታው ጫፍ በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ጎኑ ላይ የዚያው ጥግ የ3ዲ ምስል አለ፤ ትቦው ቀይ፣ ቢሙ ግራጫ።

ይሄን ሉህ መጀመሪያ የሰጠነው ዕድሜውን በሙሉ ግንባታ ላይ ላሳለፈ ፎርማን ነው። ሞዴሉን በላፕቶፕ እያዞርኩ ላሳየው ስሞክር በትህትና ዝም ብሎ አየኝ። ሉሁን ስሰጠው ግን መነጽሩን አውጥቶ፣ ቆሞ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ልጄ፣ ስንፈልገው የኖርነው እንዲህ ያለውን ነው» አለኝ። «ሌላውን ወረቀት ለማዘጋጃ ቤቱ ስጪው፣ ይሄን ለኔ።»

«ጋሼ፣ ልክ ያልሆነ ካለ አርማታው ሳይሞላ ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ» አልኩት።

«አብሽሪ። ቧንቧ ሰራተኛውን ከአሁኑ ጠርቼ ነው የማሳየው።»

ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። ድሮ አርማታው ከደረቀ በኋላ ይመጣ የነበረው ቧንቧ ሰራተኛ፣ አሁን ፌራዮው ገና ፌሮ እያሰረ ሳለ ሳይት ላይ ይገኛል። ሶፍትዌሩ ብቻውን ይሄን አያመጣም። ሳይት ላይ ያለው ሰው በሚያነበው መልክ፣ በሚያስፈልገው ቀን ሲደርሰው ነው የሚመጣው። ማንም ሳይት ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ሞዴል ያሽከረክራል ብላችሁ አትጠብቁ። አትሙለት።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። ሰርቬየሩ በቶታል ስቴሽን (በቅየሳ መሳሪያው) የለካውን ነጥብ ይዞ ሲመጣ ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው። በዩቲኤም የካርታ መጋጠሚያ ስርዓት ደሴ ላይ የሰሜኑ አቅጣጫ ቁጥር ከ1.2 ሚሊዮን ሜትር በላይ ነው። ያንን ፋይል እንዳለ ሬቪት ውስጥ ካስገባችሁት ሞዴሉ ይታመማል። ሬቪት ከመነሻ ነጥቡ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር በትክክል መያዝ አይችልም፤ መስመሮች ይሰባበራሉ፣ ልኬት ይዛባል። ብዙ ሰው «ሶፍትዌሩ አስቸገረኝ» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው። የይዞታውን አንድ ጥግ ወይም አንድ ቋሚ ምልክት ምረጡ። ህንፃውን ከዚያ አጠገብ ሳሉ። የዚያን ነጥብ እውነተኛ ቁጥር ሬቪት ውስጥ ሰርቬይ ፖይንት በሚባለው ላይ ጻፉና፣ ሁሉም ባለሙያ ያንኑ ነጥብ እንዲጠቀም አድርጉ። ከፍታውንም እንደዚያው። «ዜሮ ዜሮ የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ካልተመለሰ፣ ዳገት ላይ መጨረሻ የለውም።

የመሬቱን ገጽታ ሞዴል ካደረጋችሁ በኋላ ሌላ ጥቅም ይመጣል፤ የቁፋሮ ክፍያ። ከኮንትራክተር ጋር እንደ ቁፋሮ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም። የተቆፈረው አፈር ተጭኖ ሄዷል፣ መሬቱ የቀድሞ መልኩን አጥቷል፣ ማስረጃ የለም። እኛ አሁን ኤክስካቫተር ሳይገባ የተፈጥሮ መሬቱን ልኬት አትመን አሰሪውም ኮንትራክተሩም እንዲፈርሙበት እናደርጋለን። ቁፋሮው ሲያልቅ እንደገና ይለካል፣ ልዩነቱን ሞዴሉ ያሰላዋል። ክርክሩ ከግማሽ ቀን አያልፍም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሞዴሉ ሜትር ኩቡን እንጂ አፈሩ ዓለት ይሁን ጭቃ አያውቅም። ዋጋው ደግሞ በዚያ ይለያያል። የሙከራ ጉድጓድ ሳታስቆፍሩ በሞዴል ብቻ አትተማመኑ። ደሴ ላይ በክረምት መሬቱ እንዴት እንደሚንሸራተት ያየ ሰው ይሄን አይዘነጋም።

ስለ መጠን ስሌት ብዙ ተስፋ ይሰጣል፤ «አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የስራው መጠን ዝርዝር) ይወጣል» ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመጡልን ልጆች ሬቪትን ከዩቲዩብ ተምረው ነው የሚመጡት። ጎበዞች ናቸው። ግን የለመዱት ለምስል መስራት ነው። ግድግዳውን ከመሬት እስከ ጣሪያ በአንድ ይጎትቱታል፤ ሶሌታውንም ቢሙንም ሰንጥቆ ያልፋል። ከውጭ ሲታይ ያምራል። ብሎኬቱን ሲቆጥር ግን ቢሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ ብሎኬት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ደንባችን አንድ ነው፤ ግንበኛው እንደሚገነባው ሳሉት። ግድግዳ ከሶሌታ ላይ ይነሳል፣ ከቢም ስር ይቆማል። ኮለን በየፎቁ ይቆረጣል፣ አርማታው የሚሞላው በየፎቁ ነውና። ልጆቹን አንድ ሳምንት ሳይት ላይ ካዋልናቸው በኋላ ነው ኮምፒዩተር ፊት የምናስቀምጣቸው።

ሞዴሉ በደንብ የሚሰጠን የአርማታ ሜትር ኩብ፣ የብሎኬትና የልስን ሜትር ካሬ፣ የበርና መስኮት ብዛት ነው። ቢምና ኮለን የሚገናኙበትን ቦታ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥር ግን ማያያዣው በትክክል መሰራቱን ፈትሹ። ካሳ ፎርማን በቀጥታ አይሰጥም፤ ያንን አሁንም በኤክሴል እንሰራለን። ፌሮ ደግሞ ሁሉንም ሞዴል ማድረግ ይቻላል፣ እኛ ግን ትተነዋል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ጊዜ ይበላል፣ ባር ሹድሉን (የፌሮ ዝርዝሩን) በኤክሴል መስራት ይፈጥናል። ሞዴል የምናደርገው ፌሮ የሚጨናነቅበትን መገናኛ ብቻ ነው፤ ከሦስት አቅጣጫ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ ገብቶ አርማታው የሚያልፍበት ቦታ የሚጠፋበትን። ያንን ምስል ፌራዮው ሲያየው የቱን አስቀድሞ እንደሚያስገባ ወዲያው ይገባዋል። ተቆራርጦ የሚባክን የፌሮ ቤርጋም ይቀንሳል።

ኮምቦልቻ ላይ ጥያቄው ይለያል። ከሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ዳገቱ ያበቃል። እዚያ የሚሰራው መጋዘንና ሼድ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ፣ ደረቅ ወደቡም ካለ ወዲህ ይሄ ገበያ አለ። በብረት ስትራክቸር ላይ ቢአይኤም ጥቅሙ የሚታየው ቶሎ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ብረት ርዝመቱ፣ የብሎን ቀዳዳው፣ ብዛቱ በዝርዝር ይወጣና ወርክሾፕ ይገባል። የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ አንድ ቀላል መጋዘን ምረጡ።

አሁን ወደሚያስቸግረው ልግባ፤ ገንዘብ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት።

የሬቪት ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አገር ውስጥ ብዙ ቢሮ ክራክ (ያልተከፈለበት ቅጂ) እንደሚጠቀም ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አልመክርም፤ ቫይረሱ አንድ ቀን የሁሉንም ፕሮጀክት ፋይል ይዞ ይሄዳል፣ ሶፍትዌራችሁን የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣም የምታሳዩት የላችሁም። የተሻለው መንገድ ይሄ ነው። ለመማር የተማሪ ፈቃድ በነጻ አለ፤ ለሚከፈልበት ስራ ግን አይፈቀድም። ለስራ አንድ ፈቃድ ብቻ ግዙና ሞዴሉን የሚይዘው ሰው ይጠቀምበት። ሌሎቹ ሞዴሉን በአይኤፍሲ ፋይል ተቀብለው በነጻ መመልከቻ ይክፈቱት። አይኤፍሲ የማንም ኩባንያ ያልሆነ ክፍት ፎርማት ነው፤ ሬቪትም አርኪካድም ቴክላም ያነቡታል። ጊዜና ትዕግስት ያለው ደግሞ ፍሪካድንና በብሌንደር ላይ የሚሰራውን ቦንሳይን ይሞክር፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ከሌላ ቢሮ ጋር ስትሰሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የስንት ዓመተ ምህረቱን ሬቪት ነው የምትጠቀሙት?» ይሁን። በ2024ቱ የተቀመጠ ፋይል በ2022ቱ አይከፈትም፣ ወደ ኋላ መመለሻም የለውም። ስራው መሃል ላይ ከደረሰ በኋላ ይሄን ማወቅ ሳምንት ያስከፍላል።

ኢንተርኔትን በተመለከተ፣ ክላውድ ላይ የቆመ አሰራር እኛ ጋ አይዘልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ነው የቆየው። ስራው ግን መቆም አልነበረበትም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ራውተር ኢንተርኔት ባይኖረውም በቢሮ ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ ያገናኛል። የሬቪት ማዕከላዊ ፋይል አንዱ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ በዚያ በኩል አብረው ይሰራሉ። ያ ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚደግፍ ባትሪ) ይኑረው። ፋይሉ እየተቀመጠ ሳለ መብራት ከሄደ ሊበላሽ ይችላል። 16 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ለተራ ጂ ፕላስ 5 ህንፃ ይበቃል፤ ውድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ዩፒኤሱን ግዙ።

ከቢሮ ውጭ ላለ ባለሙያ በፍላሽ እንልካለን። የፋይሉ ስም ላይ የፕሮጀክቱ ኮድ፣ የሙያው ዓይነትና ቀኑ ይጻፋል። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚባል ስም ቢሯችን ውስጥ የተከለከለ ነው። አንድ ቅጂ ደግሞ ሁልጊዜ ከቢሮው ውጭ፣ ሌላ ከተማ ይቀመጣል። ይሄ ከጦርነቱ የተማርነው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ኮምፒዩተር የተዘረፈበት ሰው ከማሽኑ በላይ ያጣው ፋይሉን ነው። የተጎዳ ህንፃ ሊጠገን ሲመጣ ትቦው በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ወረቀት ጠፍቶ፣ ግድግዳ እየሰበርን የፈለግንባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ባለንብረቱን ማሳመን ከሶፍትዌሩ ይከብዳል። «ቢአይኤም» የሚለውን ስም ስትጠሩለት አይሰማችሁም። ቢሰማችሁም የሚመስለው ለፌስቡክ የሚሆን የ3ዲ ምስል ነው። እኔ አሁን ስሙን አልጠራውም። «አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢምዎ አይፈለፈልም፣ የቁፋሮ ሂሳብዎ ተፈርሞ ይቀመጣል» እለዋለሁ። ነጋዴ ይሄ ይገባዋል። ከመጀመሪያው ፕሮጀክት ግን ትርፍ አትጠብቁ። የዲዛይኑ ጊዜ ይረዝማል፣ ክፍያው ያው ነው። ለውጡ የሚታየው የሞዴሉ ቤተ መጽሐፍ (የተዘጋጁ ክፍሎች ስብስብ) ሲሞላ ነው፤ የአገራችን ብሎኬት፣ በገበያ ያለው የበር መጠን፣ የሉሁ አርዕስት አንዴ ከተሰራ ሁለተኛው ህንፃ ይቀላል። እንግሊዝ አገር ከተሰራ ቤተ መጽሐፍ የወረደ በር እኛ ጋ አይገጥምም፣ ስለዚህ የራሳችሁን ስሩ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ 624 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ህንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቶታል፤ ደሴ ላይ የምንሰራው አብዛኛው እዚያ ነው። የእያንዳንዱ ሙያ ዲዛይን ለየብቻው ተፈርሞ ይገባል። ስለዚህ ሞዴሉ ምንም ያህል ቢያምር በመጨረሻ የሚወጣው ሉህ የፈቃድ ሰጪው ቢሮ የለመደው ዓይነት መሆን አለበት። ሉሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ልኬቱ፣ የፊደሉ መጠን፣ የፊርማው ቦታ።

ውላችን ላይ አሁን ሁለት ነገር እናስገባለን። አንደኛው፣ ኮንትራክተሩ የቀዳዳ ፕላኑን ተቀብሎ ሳይፈርም የሶሌታ አርማታ እንዲሞላ አንፈቅድም። ሁለተኛው፣ ከመሸፈኑ በፊት ትቦው ፎቶ ይነሳል፣ ሜትር ተይዞለት፤ ኢንተርኔት ካለ በቴሌግራም፣ ከሌለ ሳይት ኢንጂነሩ ሲመጣ በስልኩ ይዞት ይመጣል። እኛ በዚያው ሳምንት ሞዴሉን ከተሰራው ጋር እናስተካክላለን። ርክክብ ላይ ባለንብረቱ አንድ ፍላሽ ይረከባል፤ በውስጡ የአይኤፍሲ ፋይሉ፣ የታተመው ፒዲኤፍና የቫልቮቹ ቦታ ዝርዝር አለ። ለዚህ ስራ በዋጋ ማቅረቢያችን ላይ ራሱን የቻለ መስመር ከፍተንለታል። መጀመሪያ ከዲዛይኑ ክፍያ ጋር ቀላቅለነው ስለነበር፣ ዋጋ ይቀነስልኝ ያለ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስወጣው እሱን ነበር። ለብቻው ሲጻፍ ግን የሚያገኘው ነገር ምን እንደሆነ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ አብዛኛውም ሳያስወጣው ይቀጥላል።